የጎጃም መንገደኞች የጠጡት ወተት

ወተቱ ኮምጥጧል። የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የተቃወሙት ልጆች መንገዱን ከዘጉ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ወተታችንን የሚወስደው መኪና አልመጣም። ጀሪካኑን ስከፍተው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፤ ይዞኝ የሄደው ግን ሩቅ ነው፣ የልጄ ልጅ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሱሉልታ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የቆሙ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ነበረች።

ከእነዚያ አንዱ ወተት ቤት ነበር። ወደ ጎጃም የሚሄደው አውቶቡስ ጠዋት እዚያ ይቆማል። መንገደኛው ብርዱን እየረገመ ይወርድና አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ሲቀመጥ ትኩስ ወተት በዳቦ ይቀርብለታል። እርጎ የፈለገም በሚጥሚጣ ያገኛል። ባለቤቷ ከሰሜን የመጡ ሴት ነበሩ፤ ሁሉም ሰው እትዬ ነበር የሚላቸው።

ወተቱን የማደርሰው እኔ ነበርኩ። እናቴ በወይራ የታጠነውን ቅል እስከ አንገቱ ሞልታ ታሸክመኛለች። ጤዛ ያረጠበውን ሜዳ አቋርጬ በጓሮ በር እገባለሁ። የእንግዶቹን ሳቅና የብርጭቆውን ድምፅ የምሰማው ከጓዳ ሆኜ ነው፤ ፊት ለፊት ካለው ክፍል እግሬ ደርሶ አያውቅም።

አንድ ጠዋት የአውቶቡሱ ሹፌር ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ፣ «እትዬ፣ ላሟ ዝናብ ላይ ቆማ ነው እንዴ የታለበችው?» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«እኔን ምን ትለኛለህ? ባላገሮቹ ናቸው ወንዙን የሚቀላቅሉበት» አሉ እትዬ።

ባላገሮቹ እኛ ነን። ቅሉን አስቀምጬ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ።

«እናቴ ውሃ አትጨምርም! እሳቸው ናቸው! ሲጨምሩ በዓይኔ አይቻለሁ!»

አላየሁም። ጓዳ ውስጥ የውሃ እንስራ አይቻለሁ እንጂ ሲጨምሩ አላየሁም። እንባ ያነቃት ልጅ ስትናገር ግን ማን ይጠራጠራል? አንዷ መንገደኛ ብርጭቆዋን ገፋች፤ ሌላው ተነሳ። ሹፌሩ፣ «ይቺ ልጅ ምን ብላ ትዋሻለች?» ብሎ ወጣ፤ ወዲያው ክላክሱን ሰማን።

ቤት ስገባ ጀግና ነበርኩ። እናቴ ሌላ ቅል እያጠነች ነበር፤ ሁሉንም ተረክሁላት። እጇ ቆመ።

«ኢንተላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ጠዋት ከቤት ሳትወጪ የምትጠጪው ወተት ከየት የመጣ መሰለሽ?»

«ከላማችን።»

«ላማችን አንድ ናት። ቅሉ ካልሞላ አይቀበሉንም። አንቺን ደግሞ በዚያ ብርድ በባዶ ሆድሽ አልልክሽም።»

ቅሉን ጭሱ ላይ መልሳ ደፋችው። 

ትናንት፣ «እዚያ ምግብ ቤት እንዳትበሉ፤ ልጆቹን ለፖሊስ የጠቆመችው ባለቤቷ ናት» ስትይ፣ «በዓይንሽ አየሽ?» ብዬ የጮህኩብሽ ለዚህ ነው። «እማማ ደግሞ! ሁሉም ሰው እኮ ነው የሚለው» አልሽኝ። ያን ቀን ያመነኝም አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ነበር።

በማግስቱ በጓሮ በር ገብቼ እትዬ እግር ላይ ወደቅሁ። «ውሃው የኛ ነው» አልኳቸው።

እሳቱን ማራገብ አላቆሙም። «ስትሰድቢኝ የት ነበርሽ?»

ወደ መጋረጃው ጠቆምኩ።

«ታዲያ ጓዳ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

ወጣሁ። ሌላ አውቶቡስ፣ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። «ትናንት ዋሽቻለሁ። ውሃውን የጨመርነው እኛ ነን፤ እትዬ አይደሉም» አልኩ። ማኘክ ያቆሙ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው፣ «ስለምንድን ነው የምታወራው?» ብለው ጠየቁ። ማንም አላወቀም። ውሸቱን የሰሙት እትዬ አታላይ ናቸው ብለው እንዳመኑ ዓባይን ተሻግረዋል።

እትዬ ከእንግዶቹ መሃል አስቀመጡኝ። ወተት በብርጭቆ፣ ዳቦም ጨምረው አቀረቡልኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የጎደለ ቅልም እቀበላለሁ በያት» አሉ። ምግብ በሚሸጥበት ቤት ተቀምጬ ስበላ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጣዕሙን ግን አላስታውስም።

ሹፌሩ ከዚያ በኋላ ማዶ ካለው ሻይ ቤት መቆም ጀመረ። ሮጬ እውነቱን ነገርኩት። ሳቀና፣ «ስንት ከፈሉሽ?» አለኝ። ሌሎቹ ሹፌሮችም ተከተሉት። ሁለት ክረምት ሳያልፍ እትዬ ቤቱን ዘግተው ሄዱ፤ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ዛሬም ከጎጃም የመጣ በዕድሜ የገፋ ሰው ካየሁ ሳልጠይቅ አላልፍም። «ድሮ በዚህ ሲያልፉ ወተት ጠጥተው ያውቃሉ?» እላለሁ። አብዛኞቹ ግራ ይገባቸዋል። አንዲት ባልቴት ብቻ፣ «አዎ፣ ውሃ የበዛበት!» ብለው ሳቁ።

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።