ትርጉም ያልተጻፈለት አዎ

ልጄ ፊልም ስትወድ ለጉድ ነው። አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እዚሁ ለንደን፣ ኪልበርን ወዳለው ሲኒማ ቤት ይዛኝ ሄደች። ፊልሙ የስዊድን ነው። የሠራችው ሴት ከዚያ በፊት አንድም ፊልም ሠርታ አታውቅም፤ በመጀመሪያ ሥራዋ ትልቅ ሽልማት ወስዳለች። ሲያልቅ ራሷ ቀርባ ተመልካቹን እንደምታነጋግር ልጄ በጉጉት ነገረችኝ። እኔ የሄድኩት ግን ከልጄ ጋር ቁጭ ማለት አምሮኝ ነው። ሥራ ከያዘች ወዲህ እኔ ወደምኖርበት ዌምብሊ ብቅ የምትለው አልፎ አልፎ ነው።

ስዊድን መኖሬን ታውቃለች፤ ግን እንደ ሩቅ ወሬ ነው የምታውቀው። ከሱዳን በስደተኝነት የተወሰድኩት ወደ ሰሜን ስዊድን፣ በረዶው እስከ መስኮት ወደሚደርስባት ትንሽ ከተማ ነበር። እዚያ ጥቂት ዓመታት ኖሬ፣ አባቷን አግብቼ ለንደን መጣሁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቋንቋ የማወራው ሰው አላገኘሁም። ጠፍቶብኛል ብዬ ደምድሜ ነበር።

በፊልሙ ውስጥ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ገበሬ ብቻውን ይኖራል። ከተማ ያለችው ልጁ ልትወስደው ትመጣለች፤ እሱ አልሄድም ይላል። የበረዶውን ወራት አብረው ያሳልፋሉ። እንጨት ይፈልጣሉ፣ ድንች ይልጣሉ፣ እምብዛም አይነጋገሩም። መጀመሪያ ላይ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ከስር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ትርጉም አነብ ነበር። በኋላ ዓይኔ ከሽማግሌው ፊት አልነሣም አለ። ልጅቱ በሩን ዝጋው አለችው፤ ሰማኋት። ሾርባው ቀዝቅዟል አላት፤ ሰማሁት። ለካ ማንበብ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቃል ሳልተነፍስበት፣ ቋንቋው ውስጤ ተቀምጦ ኖሯል።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ልጅቱ አባቷን፣ እናቴን ትወዳት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያል። አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ መልሱን ይጠብቃል። ሽማግሌው ከንፈሩን አሞጥሙጦ አየሩን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ፤ ትኩስ ነገር ፉት እንደማለት ያለ አጭር ድምፅ። ከስር ምንም አልተጻፈም። ከዚያ ተነሥቶ ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመረ።

ልጄ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ "ማሚ፣ አልመለሰላትም እኮ" አለችኝ።

"መልሶላታል" አልኳት። "አዎ ነው ያላት።"

ያንን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። እዚያ ሳለሁ ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት አሮጊት አዎ የሚሉት እንደዚያ ነበር። ቋንቋውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። እንደ ደረስኩ ሰሞን በእጅ ምልክት፣ ብቻዎን ነው የሚኖሩት ብዬ ስጠይቃቸው ትንፋሻቸውን ሳብ ሲያደርጉ ክው አልኩ። የእኛም ሰው አዎ ለማለት ትንፋሹን ሳብ ያደርግ የለ? እናቴ እንዲያ ነበረች። በዚያ ሁሉ በረዶ መሃል መጀመሪያ የገባኝ ቃል እሱ ነው።

መብራት በርቶ ዳይሬክተሯ ወጣች። ሰፊ ሹራብ የለበሰች፣ በዕድሜ ከልጄ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ናት። ዝግ ባለ ድምፅ የሚጠይቋትን መለሰች። ሲያበቃ ልጄ እጄን ይዛ ወደሷ ወሰደችኝ። በእንግሊዝኛ አመሰግናለሁ ልላት ነበር የተጠጋሁት፤ ከአፌ የወጣው ግን ስዊድንኛ ነው።

"ሽማግሌው አዎ ሲል ሰምቼዋለሁ" አልኳት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያቺን ቦታ በተመለከተ ከተርጓሚው ጋር ብዙ መከራከራቸውን ነገረችኝ። አዎ ብሎ መጻፍ ትንፋሹን መግደል መስሎ ስለታያት ባዶውን እንዲተው አድርጋለች። እዚህ ለንደን ውስጥ የሚሰማው ሰው ይኖራል ብላ ግን አላሰበችም። ቀጥላም ሳቅ እያለች፣ "አነጋገርዎ ቁርጥ አያቴን ነው" አለችኝ። ዛሬ ማንም የማይላቸው ቃላት ነው አሉ የምጠቀመው። እኔም ሳቅኩ። አዲስ አበባ ስሄድ በአማርኛዬም ይህንኑ ነው የሚሉኝ።

ልጄ አጠገቤ ቆማ አፏን ከፍታ ታየኛለች። በዚያ ቋንቋ ስናገር ሰምታኝ አታውቅም። የማታውቃትን ሴት ያገኘች ነበር የምትመስለው።

ወደ ዌምብሊ የሚሄደው አውቶቡስ ፎቅ ላይ ተቀመጥን። ለምን ነግሬያት እንደማላውቅ ጠየቀችኝ። ደብቄ አልነበረም። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ቀን በቀን ላይ ሲደራረብበት የሚነገር ነገር እንዳለኝ እኔም ዘነጋሁት። አእምሮዬ ግን አሁንም ያቺ ወጣት ጋ ነበር። አንድ የገጠር ሽማግሌ የሚተነፍሳትን ታህል ነገር ይዛ፣ ባሕር ተሻግራ መጥታ፣ እኔ እንኳ የማላውቀውን የውስጤን ክፍል ከፈተችው። ይህን ማን አስተማራት?

ቋንቋውን ያስተማሩኝን አሮጊት ሳነሳላት፣ ልጄ ክንዴን ይዛ ቤታቸው ምን ይመስል እንደነበር እንድነግራት ለመነችኝ።

"ቀይ ነበር" አልኳት። "የመስኮቱ ዙሪያ ነጭ።"