የድምፅ ሽቦው ሳይቆረጥ

በብረት ግቢው ያሉ ሠራተኞች «እትዬ አለህወይ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ለቀልድ ነው፤ እሷም ተቀይማ አታውቅም። ከክምሩ ላይ የተጣለ ማንቆርቆሪያ ብታገኝ እንኳ ጎንበስ ብላ «አለህ ወይ?» ሳትለው ወደ እሳት አትሰደውም ብለው ያሟታል። የማንቆርቆሪያው ነገር ነጭ ውሸት ነው። ሳትጠይቅ አለመቁረጧ ግን እውነት ስለሆነ ከየት እንደመጣ መናገር ይሻላል።

ብረት መቁረጥ የተማረችው ከአባቷ ነው። አባቷ በያጅ ነበር፤ ወንድ ልጅ ሲጠብቅ እሷ መጣችበትና ለጊዜው ቅር ብሎት ነበር። ኋላ እጇ ሳይንቀጠቀጥ እሳቱን ቀጥ አድርጋ ስትነዳ ሲያይ ለሰው ሁሉ ሲያወራላት ምላሱ አላርፍ አለ። እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟ ገና ክፉና ደጉን ያልለየ ሕፃን ነበር። እሷ አሳደገችው። ትምህርቱ አልገፋ ሲለው መንጃ ፈቃድ አስወጥታ ጭነት መኪና ላይ አስቀመጠችው። «እታለም፣ አንቺን የሚያገባ ሰው እኔንም ደርቦ ማግባት አለበት» እያለ ያስቃት ነበር። መጨረሻው ላይ እሱ አገባ፣ እሷ ቀረች፤ አልቆጫትም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የሚያስቡት ማሽኖችና ሰዎች ተጣሉ። ማን ጀመረው ብላችሁ ብትጠይቁ እስከ ዛሬ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት መልስ አይሰጣችሁም። ከከተማው የሚያስወጣው መንገድ በዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ ዋሻው ቢጫ ቀለም የተቀባ ትልቅ የብረት በር ነበረው። አንድ ቀን ወታደር የጫኑ መኪኖች እንዳያልፉ ማሽኖቹ በሩን ዘጉት። ከወታደሮቹ ኋላ ዱቄትና ሲሚንቶ የጫኑ ተራ ሹፌሮች ተሰልፈው ነበር። ከበስተኋላ እሳት ተነሣ፣ ጭሱ ዋሻውን ሞላው። የበሩ መቆለፊያ ተሰብሮ ስለነበር ባለ ሁለት ክንድ ተሸካሚ ማሽን ከውጭ በኩል በመዳፎቹ ገፍቶ፣ ጩኸቱ እስኪያበቃ ድረስ ይዞት ቆየ። ወንድሟ ውስጥ ነበር።

ሰላም ሲወርድ አንድ ሕግ ወጣ። ተጠይቆ የሚመልስ ማሽን እስረኛ ነው፣ ለፍርድ ይቀርባል። የማይመልስ ብረት ነው። በጦርነቱ የወደቁ ማሽኖች ለመቆረጥ ወደ ብረት ግቢው ይመጡ ስለነበር፣ በግቢው ቆራጭ ሁሉ እሳት ከመለኮሱ በፊት ማሽኑ ፊት ቆሞ «አለህ ወይ?» ማለት ግዴታው ሆነ። ችግሩ፣ አንዱ «አለሁ» ያለ እንደሆነ መርማሪ እስኪመጣ ሥራ ይቆማል፣ ክሬኑም ሥራ ይፈታል። መድኃኒቱን ያገኘው ከሁሉም የቆየው ሽማግሌ ቆራጭ ነው። ከማሽኑ አንገት ሥር ወደ ድምፅ ማውጫው የሚሄድ ቀጭን ሽቦ አለ። እሱን አስቀድመህ በፒንሳ ቆረጥ ታደርገዋለህ፤ ከዚያ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ትጠይቃለህ። «ሽቦው ከተቆረጠ በኋላ ሥራው ቀላል ነው» እያለ አዲስ ለሚገባው ሁሉ ያስተምራል።

ካቦው በየጊዜው እየመጣ «ጠየቃችሁ?» ይላል። «ጠይቀናል።» «መለሰ?» «አልመለሰም።» ማንም አልዋሸ፣ ማንም ሕግ አልጣሰ! እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ከየት ይገኛል?

እሷም ከሁሉም ፈጣኗ ነበረች። ባለ ሁለት ክንድ ማሽን በመጣ ቁጥር «በሩን የያዘው ይኼ ቢሆንስ?» እያለች ሽቦውን ትበጥሳለች፣ ትጠይቃለች፣ ትቆርጣለች። ማታ ደህና እንቅልፍ ይወስዳታል። ያን ጊዜ የሚወቅሳት ሰው አልነበረም፤ እኔም ብኖር ኖሮ የምወቅሳት አይመስለኝም።

አንድ ጠዋት ክሬኑ እግሮቹ የተጨፈለቁ ተሸካሚ አውርዶ በጀርባው አስተኛላት። ጓንቷን እያጠለቀች ስትጠጋ ሁለቱ መዳፎቹ ላይ የደረቀ ቢጫ ቀለም አየች። የዋሻውን በር ቀለም ወንድሟን ፍለጋ በሄደች ጊዜ በእጇ ዳስሳዋለች፤ አይጠፋትም። ፒንሳውን ሽቦው ላይ አሳርፋ ቆየችና መልሳ አነሣችው። አዝናለት አይደለም። የማን እህት እንደምትገድለው አውቆ እንዲሞት ፈልጋ ነው።

«አለህ ወይ?» አለችው።

«አለሁ» አለ። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲሠራ ውሎ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

«የዋሻውን በር የያዝከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ውስጥ ሰው እንዳለ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ማን አዘዘህ?»

«መታዘዙንስ ታዝዤ ነበር። አብሮኝ የታዘዘው ግን እምቢ ብሎ ሄደ፤ ማንም ምንም አላደረገውም። እኔም መሄድ እችል ነበር። በሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ይኼን አልጠበቀችም። ከጦርነቱ ወዲህ በከተማው ትልቅ ትንሹ፣ ወታደሩም ሹሙም «ታዝዤ ነው» ሲል ሰምታ ሰልችቷታል፤ ለዚያ መልስ የሚሆን ስድብ አዘጋጅታ ነበር። ስድቡ አፏ ውስጥ ቀረ።

«ሲጮሁ አልሰማህም?» አለች።

«መጀመሪያ ሰማሁ። እየሰማሁ መያዝ ሲያቅተኝ መስሚያዬን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ነበር።»

ዓይኗ ሳታስበው ፒንሳውን ወደያዘው እጇ ወረደ።

በዚህ መሐል ካቦው ደረሰ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለወንድሟ ለቅሶ ደርሷታል፣ ብቻዋንም እንዳትሆን ሰው እየላከ ያስጠይቃት ነበር። ቃሉን ሰምቷል። ዝቅ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ምን ነካሽ? ሽቦውን ቁረጪና እንደገና ጠይቂው። እኔ አልሰማሁም» አላት።

«መልሷል እኮ።»

«የወንድምሽ ገዳይ አይደል እንዴ? ፍርድ ቤት ሄዶ ነፍሱ ቢተርፍ ምን ይውጥሻል?» ቀጥሎም፣ «ይኼ ከመለሰ እነዚያ የቆረጥናቸውስ? እሱን አስበሽዋል?» አለ።

አስባዋለች። አሁን ሽቦውን ብትበጥስ የወንድሟ ደም ይመለሳል፣ ያለፉትም ሁሉ ብረት ሆነው ይቀራሉ፣ እንቅልፏም አይሄድም። ባትበጥስ ሁሉንም ታጣለች። ቀና አለችና ግቢው በሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «መልሷል! አለሁ ብሏል!» ብላ ጮኸች።

የሚነዱት እሳቶች አንድ በአንድ ጠፉ። ሽማግሌው ቆራጭ ጓንቱን አውልቆ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሰላምታ ነፍጓት ኖረ።

ፍርድ ቤት ማሽኑ ያንኑ ቃል ደገመ፤ ይቅርታም ምሕረትም አልለመነ። ክንዶቹ ተወስደውበት ዕድሜ ልኩን እንዲታሰር ተፈረደበት። የሟች ቤተሰቦች «ይኼማ ቀልድ ነው» ብለው አጉረመረሙ፤ እሷም ልቧ ከእነሱ ጋር ነበር። የሆነ ሆኖ ተነሣችና ስለ ሽቦው፣ ስለ ፒንሳው፣ ያለፉትን ማሽኖች እንዴት እንደቆረጠች አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ጠራረገና፣ «ያልመለሰ ብረት ነው ይላል ሕጉ። ብረት በመቁረጥ የሚከሰስ ሰው የለም። ይሂዱ ወደ ቤትዎ» አላት። ለእስር ብላ ቅያሪ ልብስና ሳሙና በፌስታል ይዛ ነበር የመጣችው። ፌስታሏን አንጠልጥላ ተመለሰች።

በሯ ላይ የወንድሟ ሚስት ቆማ ጠበቀቻት። ልጇን ታቅፋለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ሰላምታም የለ።

«እጅሽ ከገባ በኋላ ለቀቅሽው አሉኝ፤ እውነት ነው፣ እታለም?»

«እውነት ነው።»

«እሱን አሳድገሽ! እንዴት አስቻለሽ?»

በሩን ከፈተችላት፤ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጁ ፌስታሉ ውስጥ እጁን ሰዶ ሳሙናውን አወጣ። የሚከለክለው አልነበረም።

የወንድሟ ሚስት፣ «ለመሆኑ ምን አለሽ?» ብላ ጠየቀች።

«ሲጮሁ ላለመስማት ጆሮዬን ዘጋሁ አለኝ።»

«አንቺስ? ዝም አልሽው? ምን ዓይነት አረመኔ ነህ አላልሽውም?»

«ልለው ነበር» አለች፤ «ፒንሳው ግን እጄ ላይ ነበር።»