«ታደለ ይውጣ» የተባልኩበት ቅዳሜ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ የቆርቆሮ ጥላ ያለው ጎማ ጥገና የእኔ ነው። ታደለ ጎሚስታ ይሉኛል። በዕድሜዬ እግር ኳስ የተጫወትኩት አንድ ቀን ነው። ደብረ ሲና ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ በረኛ ጎድሎ አቆሙኝ፤ በዕረፍት ሰዓት «ያለ በረኛ ይሻለናል» ብለው አስወጡኝ። ይህ ግን ለአሥራ አንድ ዓመት የከተማችንን ቡድን የበሬሳን አሰልጣኞች ሥራቸውን ከማስተማር አላገደኝም።

ባለፈው ዓመት ቡድናችን ከምድቡ ሁለተኛ ወጥቶ ለማጠቃለያው ውድድር አለፈ። እዚያ የቀናው ወደ ላይኛው ሊግ ያድጋል። ደስታችን ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን እንደ ልማዳችን ሱቄ ፊት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠን አሰልጣኙን ማማት ጀመርን። አሰልጣኝ ብርሃነ መስቀል ቀድሞ የስፖርት መምህር የነበረ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። አምስት ተከላካይ ይደረድርና አንድ ለባዶ አሸንፎ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«አምስት ሰው ኋላ አቁሞ የሚያስጠብቀው ምንድን ነው? ጎተራ ነው?» አልኩ።

«ፈሪ ነው» አለ ገብረ ጻድቅ። ገብረ ጻድቅ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ የደጋፊዎች ማኅበሩም ጸሐፊ ነው።

ከጎኔ ሻይ የሚሸጡት እትዬ በሰለች ብርጭቆ እያጠቡ፣ «በእነዚያው በአምስቱ አይደል እንዴ እዚህ የደረስነው?» አሉ።

ሻይ ይጨመርልን አልን።

በዚያው ሳምንት አሰልጣኙ እንዲነሳ የሚጠይቅ ባለ ሰባት ነጥብ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ሃያ ሦስት ሰው ፈረመበት። ማን ያድርሰው ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «ያንተ ድምፅ ጎላ ይላል» አሉኝ። ሙገሳ መስሎኝ ተቀበልኩ።

ልምምድ ሜዳ ሄጄ ለራሱ ለአሰልጣኙ ሰጠሁት። ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስድበት በሁለት እጁ ይዞ ሁለቴ አነበበው።

«ሦስተኛው ነጥብ እውነት ነው፤ መሀል ሜዳችን ሳስቷል» አለ። ከዚያ አጣጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ጋሽ ታደለ፣ ቅዳሜ ልጆቹን ለሁለት ከፍዬ አጋጥማቸዋለሁ። አንዱን ቡድን እርስዎ ይያዙልኝ» አለኝ።

ፊቱ ላይ ፌዝ ፈለግኩ፤ አጣሁ። ፌዝ ባገኝ ኖሮ ተቆጥቼ እቀር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የሠርጌን ኮት ለበስኩ። አልቆለፍ ሲለኝ ባለቤቴ ሠናይት፣ «ክፍቱን ተወው፤ አሰልጣኞች እንደዚያ ነው የሚለብሱት» አለችኝ። አመንኳት።

ተጫዋቾቼን ሰብስቤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ማጥቃት አወራሁ። አንዱ ተከላካይ እጁን አወጣ።

«እኔ የት ነው የምጫወተው?»

«ኳሱ ያለበት» አልኩት።

ሁሉም ሰሙኝ መሰለኝ፣ ጨዋታው ሲጀመር ከበረኛው በቀር አሥሩም ኳሱ ወዳለበት ሮጡ። ኳስ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ሩብ ሰዓት ያህል ደህና ነበርን። ከዚያ ልጆቹ ትንፋሽ አጠራቸው፤ በተከታታይ ሦስት ገባብን። ሁለት ሰው አስገባሁ። አንድ ብቻ ማስወጣቴን ያወቅኩት ዳኛው አሥራ ሁለት ቆጥሮ ጨዋታውን ሲያቆም ነው። በአሥራ ሁለትም እየተመራን ነበር።

ይኼኔ ከኋላዬ «ታደለ ይውጣ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ገብረ ጻድቅ ነው። ቀጥሎ ሊያዩ የመጡት ሌሎቹ ደጋፊዎች ተቀበሉት፤ ግማሾቹ እየሳቁ፣ ግማሾቹ ግን ከልባቸው። ልመልስላቸው ስዞር አሰልጣኙ ቀስ ብሎ ተጠጋኝ።

«ወደ ኋላ አይዙሩ፤ እኔም መጀመሪያ ሰሞን እዞር ነበር» አለኝ።

እሱ ይህን ሲለኝ አራተኛው ገባ።

ስድስት ለአንድ ተሸነፍኩ። አንዷንም ያገባት ትእዛዜን ነፋስ ወስዶበት ያልሰማኝ ልጅ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ አሰልጣኙ «ምን አዩ?» ብቻ ብሎ ጠየቀኝ።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ ግን ሌላ ነው። «የሰባት ቁጥሩ የግራ ጫማ በውጭ በኩል ብቻ ተበልቷል። ጎማ እንዲያ ካለቀ ከሥሩ የታመመ ነገር አለ» አልኩት።

ሰባት ቁጥሩ ምስጋና ይባላል፤ ከሁሉም ፈጣኑ አጥቂያችን ነው። አሰልጣኙ ጠርቶ ካልሲውን አስወለቀው። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ጠቁሯል። ከማጠቃለያው እንዳልቀር ብሎ ለሁለት ወር ደብቆታል። ሐኪም አይቶት አንድ ወር እንዲያርፍ አዘዘው፤ ካልሆነ ጅማቱ ሊበጠስ እንደሚችል ተናገረ። ምስጋና ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ አለቀሰ። እኔ በዚያ በማይቆለፍ ኮት አጠገቡ ቆሜ፣ በአንድ ቀን ስድስት ጎልም የልጅ እንባም ያተረፍኩ አሰልጣኝ ሆንኩ።

ያለ ምስጋና ወደ ማጠቃለያው ሄድን። አንዱን አሸነፍን፣ አንዱን አቻ ወጣን፣ የመጨረሻውን አንድ ለባዶ ተሸነፍን። በአንድ ነጥብ ሳናድግ ቀረን።

ደጋፊው ሱቄ ፊት ተሰብስቦ አሰልጣኙን ሲረግም በጀግንነት ተከራከርኩለት ብል ደስ ይለኝ ነበር። ያልኩት፣ «መቼስ እሱም የሚያየው ነገር አለው» ብቻ ነው።

«አንተ ደግሞ! ምስጋናን ማን አስቀረብን?» አለ ገብረ ጻድቅ።

የምጠግነው አይሱዙ ነበረና ሥሩ ገባሁ። እትዬ በሰለች ግን፣ «የሰው ልጅ እግር ነው እኮ» ሲሉ ከመኪናው ሥር ሰማኋቸው።

ክለቡ አሰልጣኙን አላባረረም። ምስጋናም ድኖ ጥቅምት ላይ ተመለሰ። በአዲሱ ውድድር ሦስተኛ ጨዋታ ሰባኛው ደቂቃ ላይ አሰልጣኙ እሱን አስወጥቶ ተከላካይ ሲያስገባ፣ ሳላውቀው ብድግ ብዬ «ምነው! ምነው!» እያልኩ ጮህኩ። አጠገቤ የነበሩት እትዬ በሰለች ቀና ብለው አዩኝ። ተቀመጥኩ።

ያም ሆኖ ልጁ የወጣው ያለጊዜው ነበር።