የካሚዮኑ ዝገት

ዛሬ ካዛንቺስ አንድ ሰው የአሮጌ ፒካፑን የኋላ መጫኛ በሽቦ ብሩሽ ሲፈቀፍቅ አየሁ። የዝገቱ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ አባቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

በጣሊያን ዘመን አባቴ በአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ይሠራ ነበር። ከቂርቆስ ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ስደርስ ያረጀ ካሚዮን ላይ ወጥቶ ወለሉ ላይ የደረቀውን ጥቁር ቀይ ቅርፊት ይፈቀፍቃል። ከሳምንት በፊት ወታደሮች የሰፈራችንን ወንዶች በካሚዮን ጭነው ወስደው ነበር፤ የእናቴ ታናሽ ወንድምም አብሯቸው ነበረ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ።

"አባባ፣ ይሄ ሁሉ ዝገት ነው?" አልኩት።

ጎንበስ አለ። ከወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ጥቁር ማተብ በጥፍሩ ጎትቶ አወጣ። ጫፉ ላይ አጎቴ በገዛ እጁ ከወይራ የቀረጻት መስቀል ነበረች። አባቴ ኪሱ ከተታት።

"ዝገት ነው። ማንም ቢጠይቅሽ ዝገት ነው በይ፤ እናትሽም ብትሆን" አለኝ።

ከዚያ እንደታዘዘው ወለሉን ቀለም ቀባው።

ማታ እናቴ፣ "ዛሬስ የሰማኸው ነገር የለም?" አለችው።

"ምንም" አላት፤ እኔን ላለማየት አንገቱን ደፍቶ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላም እናቴ እስረኞች ተመለሱ በተባለ ቁጥር ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወንድሟን ፍለጋ ትሮጥ ነበር። አባቴ ሳይነግራት ሞተ። እሷም ልትሞት ስትል እጄን ይዛ፣ "ድንገት ከመጣ በሩን እንዳትዘጊበት" አለችኝ።

"እሺ እማዬ" አልኳት።