ከሳርዲን ጣሳ የተሠራው ኮረብታ

ትእዛዙ የደረሰን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከፊታችን ባለው ኮረብታ አናት ላይ አሥራ አንድ ጓዶቻችን ተከበዋል። ሦስቱ ቆስለዋል፤ ውሃቸው አልቋል። የእኛ ጋንታ ወጥቶ ያውርዳቸው ተባለ። ካርታችን ላይ ኮረብታው ጥቂት ክብ መስመሮች ብቻ ነበር። ከፊቱ ያለውን ሜዳ ደግሞ የከበባቸው ጠላት መትረየስ ከላይ ይጠብቀዋል።

ሙሉቀን የሚባል የቡሬ ልጅ አብሮን ነበረ። ከመዝመቱ በፊት ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ፣ ከተጣለ ካንዴላና ከሽቦ በሬ፣ ዶሮ፣ ባጃጅ ይቀርጽ ነበር። ምሽግ ውስጥም አልተወውም። የጥይት ቀለህ የበሬ እግር ይሆናል፤ የሳርዲን ጣሳ ደግሞ ቀንድ።

«ሙሌ፣ በሬህን ጥመድና ይቺን ምሽግ እረስልን» እንለዋለን።

«መጀመሪያ አንተ ገለባ አምጣለት» ይላል፣ ቀና ሳይል።

ያን ቀን ግን ኮረብታውን መሥራት ጀመረ። በጥይት ሳጥን ክዳን ላይ ጭቃ ደለደለ። ገደሉን ከጣሳ፣ መንገዱን ከማዳበሪያ ክር አደረገው። አሠራሩን ላስረዳ፦ ሙሉቀን አንድን ነገር በጠዋትም በማታም ብርሃን ካላየው አይጨርሰውም። ጥላው ቦታ ሲቀይር የተደበቀው ቅርጽ ይወጣል ባይ ነው።

መቶ አለቃው «ከሰዓት በኋላ እንወጣለን» አሉ።

«መቶ አለቃ፣ የማታውን ጥላ ልይ። ግራው በኩል ልሙጥ አልመስል ብሎኛል» አለ ሙሉቀን።

«እነዚያ ልጆች እኮ ውሃ የላቸውም።»

«አውቃለሁ። በሜዳው ከሄድን ግን ማናችንም አንደርስላቸውም።»

መቶ አለቃው ሳጥኑን ብዙ አዩት። ከዚያ መውጣቱን ለነገ አሳደሩት።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከፊታችን ባለው ኮረብታ ግራ ዳገት ላይ ቀጭን ጥላ ታየ። ቦረቦር ነው፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ያልፍበታል። ሙሉቀን ሳጥኑ ክዳን ላይ የሠራውን የጣሳ ገደል በቢላ ጫፍ ሰንጥቆ «በዚህ» አለ።

ሲነጋ በቦረቦሩ ወጣን። ማንም አላየንም። አናቱ አጠገብ ስንደርስ ተኩስ ተከፈተ። ተኛን። ተኮስን። መትረየሰኛችን ያሬድ ወደቀ። ቀጥሎ አሥር አለቃችን። ከዚያ የላይኛው መትረየስ ዝም አለ።

ዘጠኙን በሕይወት አገኘናቸው። ሁለቱ ቁስለኞች ሌሊት አርፈው ነበር።

ሙሉቀን ከአስከሬኖቹ አጠገብ ተቀመጠ። «ትናንት ብንመጣ ኖሮ» አለ።

ከተረፉት አንዱ፣ ከንፈሩ በጥም የተሰነጣጠቀው፣ «ትናንት ብትመጡማ እዚያ ሜዳ ላይ ስትረግፉ እናያችሁ ነበር» አለው።

አራት ሰው ቀበርን።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ ጦርነቱ ሲጠይቁኝ፣ ሰው የጣለውን አንስቶ፣ ሁላችንም ያየነውን ኮረብታ ከሁላችን አብልጦ ስላየ ሰው እነግራቸዋለሁ። ዘጠኝ ሰው በእግሩና በቃሬዛ ወረደ እላቸዋለሁ። ሙሉቀን ቡሬ ተመልሷል፤ አልፎ አልፎ እጠይቀዋለሁ። የዚያ ቀን ነገር ሲነሳ እሱ የሚቆጥረው ዘጠኙን አይደለም፤ ሌሊት ያረፉትን ሁለቱን ነው። እኔም አላርመውም።