በቅሎዋን የመለስኳት እኔ ነኝ

እግሬ አርፎ አያውቅም። ንግሥ ሲባል፣ ጠበል ሲባል፣ ነጠላዬን አጣፍቼ መውጣት ነው። ልጆቼ «እማዬን ነፋስ ስልክ ቤቷ ያገኛት ዕድለኛ ነው» እያሉ ይስቁብኛል።

ያኔ፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ጎረቤቴን አስከትዬ ላስታ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት አጥር ለአጥር የኖርን ነን። ልጄ በሰላም ከተገላገለች እተራራው አናት ያለችውን ማርያምን በእግሬ ወጥቼ ልሳለም ተስዬ ነበር። ጎረቤቴ ስለት የለባትም። «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብላ ነው የተከተለችኝ።

አቀበቱን ስናጋምስ ራሷን ያዛት። ትንሽ ቆይቶ አስመለሳት።

«ጾሙ ነው» አልኳት። «ባዶ ሆድሽን ሆነሽ ነው።» ነጭ ሽንኩርት ልጬ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት።

«አንቺ እግርሽ የፍየል ነው። እኔ ደረቴ ታፈነ እህቴ።»

«አይዞሽ፣ ደርሰናል።»

ምን ደርሰናል! ገና ነበርን። እያንዳንዱ ጥምዝ ላይ ያንኑ ውሸት እየደገምኩ ሳብኳት።

አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ባዶ በቅሎ እየሳበ ሲወርድ አገኘን። ከንፈሯ መጥቆሩን አይቶ ቆመ።

«እማማ፣ እኚህን ሴት ከፍታው አልተስማማቸውም። ሰው ይሞታል እንዲህ ሆኖ። ላውርዳቸው።»

ጎረቤቴ ኮርቻውን ጨበጠች።

«ኧረ በእግር ነው የተሳልነው! ማርያም ታዝንብናለች» አልኩ።

«አንቺ ነሽ እንጂ የተሳልሽ፣ እኔ መቼ ተሳልኩ?» አለች፤ በዚያ ትንፋሿ እየሳቀች።

ስትስቅ ሳያት ደህና ናት አልኩ። ሰውየውን «ተወን ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ» ብዬ አሰናበትኩት። እሷም እጇን ከኮርቻው አነሳች። ለእኔ ብላ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲታየን ወደቀች። ተሳላሚዎች በጋቢና በሁለት እንጨት ቃሬዛ ሠርተው አወረዷት። ከኋላ ከኋላ እየሮጥኩ ወረድኩ፤ መሳለሙም ቀረ። ሐኪሙ ሳንባዋ ውኃ ቋጥሯል አለ። «ቀደም ብለው ወርደው ቢሆን ኖሮ…» ብሎ አልጨረሰውም። ነፍሷ ተረፈች፣ አቅሟ ግን አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ ሀና ማርያም ሰፈር፣ ልጇ ዘንድ ነው የምትኖረው። ከአልጋዋ በረንዳው ድረስ ስትሄድ ሁለቴ ታርፋለች። ገና እንደመጣን ሰሞን ልጇ እፊቴ ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ ያ ሁሉ በቅሎ ባለበት አገር በእግር ምን አስኬደሽ? ማን ከለከለሽ?»

«ማን ይከለክለኛል? እኔው ነኝ ድርቅ ያልኩት። እሷማ በበቅሎ ውረጂ ብላ ስትለምነኝ ነበር።»

ቀና ብዬ አየኋት። እሷ አላየችኝም፤ የብርድ ልብሱን ጫፍ ታስተካክላለች። ያን ጊዜ ነበር መናገር።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ። «እርስዎ አጠገቧ ባይኖሩ እናቴን አላገኛትም ነበር። ዕድሜ ይስጥልኝ እማማ።»

«አሜን» አልኩ።

ይኸው እስከ ዛሬ ልጠይቃት ስሄድ፣ ልጅቷ ከአልጋው አጠገብ ያለውን ደህናውን ወንበር ተነሥታ የምትለቅልኝ ለዚያ ነው። እኔም እቀመጥበታለሁ።