በሶ ይዘው የመጡት አባት

ከኮንዶሚኒየማችን ዘበኛ ዕቃ መቀበል አበሳ ነው። የብሎክና የቤት ቁጥር ያልተጻፈበትን አያሳልፍም፤ የተጻፈበትንም ይጠራጠራል። ዛሬም ከአዲስ አበባ የተላከልኝን ካርቶን ልለምነው ስወርድ፣ አንድ ሽማግሌ ጆንያ ተሸክመው በሩ ላይ ቆመዋል። ጋቢያቸው በዝናብ በስብሷል፤ ጆንያውን ግን በላስቲክ ሸፍነውታል።

ወደ ሕንፃዎቹ አንጋጠው እንደ አገር ቤት ደንብ «ቤቶች!» ብለው ተጣሩ። ከየመስኮቱ «አቤት!» ሲባሉ ጊዜ ወዴት እንደሚዞሩ ጠፋቸው።

«የአለምወርቅ ቤት የትኛው ነው?» አሉ ወደ ዘበኛው ዞረው። «ልጄ ናት፤ ከእብናት መምጣቴ ነው። ስልክ አታነሳም። ተማሪ አይደለች፣ እንዳይርባት ብዬ በሶ ይዤላት ነው።»

ዘበኛው ራሱን አከከ። «አባቴ፣ እኔ ሴቶቹን በስም አላውቃቸውም። የማን እናት ናት?»

«ኧረ የማንም እናት አይደለችም!»

አንዲት ጎረቤት ከመስኮት ብቅ አለች። «የእብናቷ አለምወርቅ? የናታን እናት ናት'ኮ! ሦስተኛ ፎቅ ናት።»

ዘበኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይጠይቅ በሩን ከፈተ። ሽማግሌው ግን አልገቡም። ጆንያውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና ግራ በተጋባ ዓይን አዩት።

«እኔ ምን አውቄ!» አሉ። «የገንፎ ዱቄት አመጣ ነበር እኮ።»